የፍጡር ችሎታ የት ተጽፎ ይኖራል? ሰንጠረዥና የካርድ ጨዋታ



የዛሬው ገለጻ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ በጨዋታ ውስጥ የሚሰለፍ ፍጡር ችሎታው የት ተጽፎ ይኖራል?

በመጀመሪያ በዓለም ዙሪያ የታወቀውን «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለ የካርድ ጨዋታ እንመልከት። የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈው ይህ ጨዋታ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ተጫዋቾች ካርዶቹን እየሰበሰቡና እየተለዋወጡ ይጫወቱበታል። በፍጡሩ ካርድ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የማጥቃት ኃይሉን፣ ሌላው የመቋቋም አቅሙን ያመለክታል። ልዩ ችሎታ ካለውም በጽሑፍ ይሰፍርለታል። የካርዱ ቃል ከጠቅላላው ደንብ ጋር ቢጋጭ የሚጸናው የካርዱ ቃል ነው። ስለዚህ ካርዱን ያነሣ ሁሉ ፍጡሩ ምን ማድረግ እንደሚችል ያነባል።

አሁን ወደ ሀገራችን ሰንጠረዥ እንመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት የነበረ የመኳንንት ጨዋታ ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል ፊል የተባለው ዝሆን በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ይዘላል፤ በመካከል የቆመ ቢኖር እንኳ አያግደውም። በዚህ አካሄድ ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። የሁለቱም ወገን አራት ዝሆኖች የየራሳቸው ስምንት ስምንት ቤት ስላላቸው እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አይገናኙም። ፈረስ ግን ሁሉንም ቤት ሊያዳርስ ይችላል። በመክፈቻው ወረራ ደግሞ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሰልፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ሰልፈኛ ሲበላ ተራ ይጀመራል።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በዝሆኑ ላይ አልተጻፈም። የተቀረጸው ቁራጭ ብቻውን ቢገኝ አካሄዱን አይናገርም፤ ችሎታው የሚኖረው በተጫዋቾቹ ትዝታ ነው። ጨዋታው ሲዳከም ደንቡን ለማወቅ እንደ እንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ያሉ ተጓዦችን ማስታወሻና እንደ ሪቻርድ ፓንክረስት የ1971 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ያሉ ጥናቶችን መግለጥ ግድ ሆነብን።

ይሁን እንጂ ጽሑፍ ሁሉን ይይዛል ማለት አይደለም። በሰንጠረዥ ድል ሁሉ እኩል አይከበርም። በቀጥታ በሚጓዘው ደር ወይም በፈረስ የባላጋራን ንጉሥ መፈናፈኛ ማሳጣት ብዙም አያስመሰግንም፤ ደካሞቹን ሁለት ዝሆኖች አስተባብሮ ማሸነፍ ግን ያስወድሳል። የካርዱ ቁጥር ጉልበትን ይለካል፤ በደካማ ማሸነፍ የሚያስገኘውን ክብር ግን አይነግረንም። ያን የሚያውቀው በሰሌዳው ዙሪያ ተቀምጦ የሚፈርደው ማኅበረሰብ ነው።

ስለዚህ የጨዋታ መዝጋቢ ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ ደንቡንና ፍርዱን። ጎጃም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ለዘመናት በቃል የተላለፈው የመጻሕፍት ትርጓሜ «አንድም» እያለ የመምህራኑን ልዩ ልዩ አስተያየት ጠብቆ ወደ ጽሑፍ ተሻግሯል። ከጉንደ ወይንና ከአካባቢው የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ሰንጠረዥ የሚያስታውስ ወይም ገበጣ የሚጫወት አባት ወይም እናት ብታገኙ «እንዴት ይኬዳል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «የትኛው አሸናፊ ይመሰገናል? የትኛውስ ይታማል?» ብላችሁም ጠይቁ፤ መልሱንም በራሳቸው ቃል ጻፉት።