«ቦርዱ ነው» ከማለት በፊት

አብዛኛው ደንበኛ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ነው የሚደውልልኝ። «ኦቭኑ አልሞቅ ብሏል፣ ቦርዱ ተቃጥሎ መሰለኝ፣ ቦርድ ታገኝልኛለህ?» ይላል። ከእኔ በፊት ሌላ ባለሙያ አይቶት ከሆነ ደግሞ «መሰለኝ» የምትለዋም ትቀራለች። አልፈርድባቸውም። ቁጥር የሚያበራ ፊት ያለው ስቶቭ ሲበላሽ ጥፋቱ ሁሉ ከቁጥሩ ጀርባ የተደበቀ ይመስላል። ጣጣው ዋጋው ላይ ነው። የብዙዎቹ ስቶቮች ቦርድ መርካቶን ዞረው የሚያገኙት ዕቃ አይደለም፤ ከዱባይ ወይም ከቱርክ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል። መጥቶ ተገጥሞ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ቢገኝ፣ ገንዘቡን የሚመልስ ሱቅ የለም።

ከሁሉ በላይ የምጠራበት «ብልሽት» እንዲያውም ብልሽት አይደለም። ባለሰዓት ከሆኑት ኦቭኖች ብዙዎቹ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው ዜሮ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰዓቱ እስኪሞላ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የእጅ ምልክት ያለባት ቁልፍ እስክትጫን ድረስ ሬዚስታንሱን አያበሩም። ይህን በስልክ ነግሬ እገላገላለሁ። አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ሂሳብ መቀበል ይከብደኛል፤ የማይከብዳቸው የሙያ ጓደኞች እንዳሉኝም አልክድም።

ስክሪኑ የስህተት ኮድ ሲጽፍ ነው ነገሩ ልብ የሚፈልገው። ቦርድ በራሱ ስለ ሙቀት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚነግረው ከኋላው ግድግዳ ወደ ውስጥ የገባ ቀጭን ዘንግ፣ ሴንሰሩ ነው። በውስጡ ያለው ፕላቲነም እየሞቀ ሲሄድ ኦሙ ይጨምራል። ፒቲ 1000 የሚባለው ዓይነት በ0 ዲግሪ 1000 ኦም፣ በ25 ዲግሪ 1097 ገደማ፣ በ200 ዲግሪ ደግሞ 1758 ገደማ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ኦቭን ላይ ቴስተሬ 1100 አካባቢ ካሳየኝ ደስ ይለኛል። ግን ከየት ሆኜ ለካሁት? ሴንሰሩን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ የሚለካ ሰው የለካው ሴንሰሩን ብቻ ነው። እኔ ገመዱን ቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ጫፍ ነቅዬ ከዚያው እለካለሁ፤ ቦርዱ የሚሰማውን የምሰማው እዚያ ነው።

አንድ ኦቭን ነበር፣ ሲጀምር ደህና ይሠራና በደንብ ከሞቀ በኋላ የሴንሰር ስህተት ጽፎ የሚጠፋ። ሴንሰሩ ከአንዴም ሁለቴ ተቀይሮለታል፤ ቀጣዩ ተራ የቦርዱ ነበር። ቀዝቃዛውን ስለካው ቁጥሩ ጤነኛ ነው። አሙቄ፣ ከብሬከሩ አጥፍቼ ወዲያው ስለካው ግን ቁጥሩ ይዘላል፤ አንዴ 4000 ይላል፣ አንዴ መስመሩ ጭራሽ የለም። ገመዱን በእጄ እየተከተልኩ ስሄድ ከኦቭኑ ጀርባ ያለች ነጭ ማያያዣ ላይ ደረስኩ። ፕላስቲኳ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ ከሁለቱ ፒኖች አንዷ ጠቁራ ላልታለች። ሲሞቅ ትለቃለች፣ ሲቀዘቅዝ መልሳ ትይዛለች። ሙቀት በሚችል ማያያዣ ተክቼ ሄድኩ። ኮዱ ውሸት አልተናገረም፤ «ሴንሰሩን አልሰማውም» ነው ያለው፤ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ የተረጎመው ሰው ነው።

የቁልፍ ስህተት ሲሆን መለየቱ ቀላል ነው። ከመጫኛው ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ገመድ ነቅዬ መልሼ አበራለሁ፤ «ቁልፍ ተጣብቋል» የሚለው ኮድ ከጠፋ ጥፋተኛው መጫኛው ነው፤ ከቀጠለ ቦርዱን እጠረጥራለሁ። ከድስት የሚወጣ እንፋሎት የገባበት መጫኛ ሲደርቅ ራሱ የሚድንበት ጊዜም አለ።

ቦርዱ በእውነት የሚሞትበትም ቀን አለ፤ ያኔ የማይናገር ሬሳ ብዙም አይደለም። ያበጠ ካፓሲተር፣ የፈነዳ ቫሪስተር፣ በሪሌው እግር ዙሪያ ብየዳው ላይ ክብ ሆኖ የተሰነጠቀ ቀጭን መስመር በአጉሊ መነጽር ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ገዳዩ ነው። ቫሪስተር ከፈነዳ ኒውትራሉ ተበጥሶ 380 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ቤት ገብቶ እንዳይሆን እጠይቃለሁ። አምፖልስ ተቃጥሎ ነበር? ፍሪጁስ? የሪሌው ነጥብ ተቃጥሎ ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን የምለካው ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ቮልቱ ሲወርድ የሪሌው ጥቅልል አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቡም እየተቃጠለ ይጣበቃል። ይህን ሳላይ አዲስ ቦርድ መግጠም አዲሱን ለዚያው ሞት ማቅረብ ነው።

በኮንቴነር ከአሜሪካ የሚመጡት ስቶቮች የራሳቸው ዓለም አላቸው። እዚያ ሬዚስታንሱ በሁለት ፌዝ መካከል 240 ቮልት ያገኛል፤ ቦርዱና መብራቱ ግን በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 120 ብቻ ነው የሚፈልጉት። ይህን ያላወቀ ሰው ቦርዱን 220 ላይ ሰክቶ በዚያው ደቂቃ ያጨሰዋል።

ሲኤምሲ ያሉ አንዲት እናት ግን እንዲህ አልሆነባቸውም፤ ለቦርዱ ትራንስፎርመር በሥርዓቱ ተገጥሞለታል። ኬክ በትዕዛዝ ይጋግራሉ፤ ስሞታቸው «አሜሪካ ሳለ የማያሳርር ስቶቭ እዚህ ያሳርራል» የሚል ነው። ሌላ ባለሙያ ቦርዱ ሙቀት እየሳተ ነው ብሏቸዋል። ነገሩ አልገጥም አለኝ። በ220 ቮልት የሚሠራ የ240 ሬዚስታንስ ከኃይሉ 16 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ቀስ ብሎ ቢሞቅ እንጂ ለምን ያሳርራል? ቴርሞሜትር አስገባሁ። 350 ፋራናይት፣ ማለትም 177 ዲግሪ ላይ ሞልቼ ብጠብቅ በዚያው ዙሪያ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደህና ነው።

«እትዬ፣ መውጫውን በምን ያውቃሉ?»

«በራሱ ነዋ፣ ሲጮህ።»

10 ደቂቃ ሞልቼ ስልኬን አጠገቡ አስቀመጥኩ። የጮኸው በ12ኛው ደቂቃ ላይ ነው። አሜሪካ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ እኛ ዘንድ 50። ይህ ቦርድ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከዚያ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። 60 ደቂቃ የተባለ ኬክ 72 ደቂቃ እየተቀመጠ ነበር። ሰዓቱም በቀን 4 ሰዓት ወደ ኋላ መቅረት ነበረበት፤ እሳቸው ግን መብራት በሄደ ቁጥር ማስተካከል ሰልችቷቸው ሲርገበገብ ትተውታል፤ ማን ይወቅ?

«ለ60 ደቂቃ 50 ይሙሉ፤ ሌላ ምንም አይንኩ» አልኳቸው።

«ቦርዱስ?»

«ቦርዱ ደህና ነው።»

ስልካቸውን ፍለጋ ተነሡ። «ቆይ ልጄ፣ ወንድሜ ገዝቶታል፤ ሻንጣውን ሳይዘጋ ልድረስበት።»