ሦስተኛው ባላ፤ የነጋዴ ወረት በቦንድ፤ በአክሲዮንና በሸቀጥ መካከል

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ምክር፤ ወረቱን ከጥፋት ለመጠበቅ ለሚያስብ ነጋዴ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምሳሌው ሁለተኛው ባላ የት ቦታ ቢተከል እንደሚሻል አይናገርም። ሁለቱም ባላዎች በአንድ ልል አፈር ላይ ቆመው እንደ ሆነ፤ አንዱን የነቀለ ጎርፍ ሌላውን ሳይነቅል አያልፍም። ባለፉት ዓመታት በዓለም ገበያ የደረሰው መናወጥ ለብዙ ባለሀብቶች ያስተማረው ቁም ነገር ይኸው ነው። ሀብታቸውን በልዩ ልዩ ስም ያከፋፈሉ ሰዎች፤ ስሙ ቢለያይም መሬቱ አንድ እንደ ነበር የተረዱት ባላው ከተነቀለ በኋላ ነው።

ነጋዴ ከዕለት ሥራው ተርፎ የሚያስቀምጠው ገንዘብ በሦስት መንገድ ሊሠራለት ይችላል። አንደኛው ለመንግሥት ወይም ለድርጅት አበድሮ ወለድ መቀበል ነው፤ የብድሩም ሰነድ ቦንድ ይባላል። ሁለተኛው አክሲዮን ገዝቶ የአንድ ማኅበር ባለቤትነት መካፈል ነው። ሦስተኛው ቡናን፤ ወርቅን፤ እህልንና ነዳጅን የመሰለ ሸቀጥ ይዞ ዋጋው ከፍ ሲል መሸጥ ነው። አበዳሪው የሚተማመነው በተበዳሪው ቃል፤ ባለአክሲዮኑ በድርጅቱ ትርፍ፤ ባለሸቀጡም በዕቃው ተፈላጊነት ነው። የሚያተርፉበት ምክንያት የተለያየ እንደ ሆነ ሁሉ፤ የሚከስሩበትም ምክንያት የተለያየ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው መርምሮ፤ ኋላ ደግሞ በአንድነት መመልከት ያሻል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገሩ ነገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የአገር ውስጡም «ዓ.ም.» እየተባለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክቷል።

ስለ ቦንድ

ቦንድ የጸጥታ ማረፊያ እንደ ሆነ ይታመናል፤ እምነቱም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ጸጥታው የሚገኘው ለታገሠ ሰው ነው። አንድ ሰው በየዓመቱ 5 በመቶ ወለድ የሚከፍል የ10 ዓመት ቦንድ በ1,000 ብር ገዛ እንበል። ወዲያው አዲስ የሚወጣው ቦንድ 8 በመቶ የሚከፍል ቢሆን፤ የፊተኛውን በ1,000 ብር የሚገዛ አይገኝም፤ ዋጋው ወደ 799 ብር ገደማ ይወርዳል። የመክፈያው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ቦንድ ቢሆን ግን ዋጋው 972 ብር ገደማ ነው። እስከ ቀጠሮው ቀን የሚቆይ ሰው ዋናውን ገንዘብ ሳይጎድል ይቀበላል፤ ቀኑ ሳይደርስ ለመሸጥ የተገደደ ግን ጉዳቱን ራሱ ይሸከማል።

በካሊፎርኒያ የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በመጋቢት ወር 2023 የወደቀው በዚህ መንገድ ነው። ባንኩ የወለድ መጠን ዝቅ ባለበት ጊዜ የደንበኞቹን ተቀማጭ ለረዥም ዘመን በሚቆዩ፤ የአሜሪካ መንግሥት ባለበት ሰነዶች ላይ አውሎት ነበር። ወለድ ከፍ ሲል የሰነዶቹ ዋጋ ወረደ። ገንዘብ ባስፈለገውም ጊዜ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሣራ ሸጣቸው። ወሬው በተሰማ ማግስት አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁት፤ በሚቀጥለውም ቀን ተዘጋ። ተበዳሪው ዕዳውን አልካደም፤ ባንኩ ያጣው የመታገሻ ጊዜ ነው።

ተበዳሪው ራሱ የሚያጥረው ጊዜም አለ። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ባለገንዘቦች በ6.625 በመቶ ወለድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ይከፈል የነበረው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀርቶ ነገሩ ወደ ድርድር ሄደ። ከዚህም ሌላ የማይታይ ኪሣራ አለ፤ ይኸውም የኑሮ ውድነት ነው። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ዕድገት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፤ ለቁጠባ ሂሳብ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይቀበላል፤ ነገር ግን የዋጋው ዕድገት በ30 በመቶ ብቻ ቢታሰብ እንኳ፤ የተቀበለው ገንዘብ የሚገዛለት ቀድሞ በ82 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ደብተሩ ትርፍ ይላል፤ ገበያው ግን ኪሣራ ይላል።

ስለ አክሲዮን

ባለአክሲዮን ቋሚ ወለድ የለውም። ድርጅቱ ሲያተርፍ ይካፈላል፤ ሲከስር ድርሻው ይቀንሳል፤ ሲፈርስም ከአበዳሪዎች ሁሉ በኋላ ይሰለፋል። በረዥም ዘመን ትዕግሥቱን የሚክሰው ይህንኑ ኃላፊነት ስለሚሸከም ነው። ይሁን እንጂ «ረዥም ዘመን» የሚባለው ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የጃፓን አክሲዮኖች ዋጋ የሚለካበት ኒኬይ በ1989 መጨረሻ ከ38,900 በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወድቆ ያንኑ ከፍታ ዳግመኛ ያለፈው በየካቲት 2024 ነው። በዚያ ከፍታ ላይ በ40 ዓመቱ የገዛ ሰው፤ የገዛበትን ዋጋ መልሶ ያየው በ74 ዓመቱ መሆኑ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች በእነዚያ ዓመታት ሥራቸውን አላቆሙም፤ ስሕተቱ ለመልካም ድርጅት ከልክ ያለፈ ዋጋ መክፈል ነበር።

በአገራችን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የአክሲዮን ሽያጭ ይካሄድ ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ታላላቅ የግል ድርጅቶች ሲወረሱ ግን ተቋረጠ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ በአንድ አክሲዮን 300 ብር ለሕዝብ ሽያጭ ቀረበ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተመርቆ ተከፈተ። ይህ ለነጋዴው ትልቅ በር ነው። ነገር ግን አዲስ ገበያ ገዢና ሻጭ የሚበዛበት ገበያ እስኪሆን ድረስ፤ አክሲዮኑን በፈለገ ቀን በፈለገው ዋጋ ለመሸጥ ተስፋ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ስለ ሸቀጥ

ሸቀጥ ወለድም የትርፍ ድርሻም አያስገኝም፤ እንዲያውም መጋዘን፤ ጥበቃና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። በሐምሌ 1975 በብራዚል ፓራና ግዛት የወረደው ውርጭ የቡናውን ተክል ባቃጠለ ጊዜ፤ በኒውዮርክ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በ1977 ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ1989 የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰና ዋጋው ተንኮታኮተ፤ በ2001 ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ። ያንዱ ገበሬ መከራ ለሌላው ገበሬ ሲሳይ የሚሆንበት ገበያ ነው።

ወርቅም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በጥር 1980 አንድ አውንስ ወርቅ 850 ዶላር ደርሶ፤ በ1999 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወርዷል። የ1980ውን ዋጋ ያለፈው በጥር 2008 ነው፤ በ2025 ደግሞ ከ4,000 ዶላር በላይ ወጣ። የመጋዘንን ነገር ለሚንቅ ሰው ደግሞ ሚያዝያ 2020 ምስክር ነው። በዚያ ወር በአንድ ቀን በአሜሪካ የድፍድፍ ዘይት ውል ሽያጭ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ወረደ፤ ማስቀመጫው ሊሞላ ስለ ተቃረበ፤ ውሉን የያዙ ሰዎች ዘይቱን ለሚረከባቸው ገንዘብ ጨምረው ለመስጠት ተገደው ነበር።

ሦስቱ በአንድነት ሲታዩ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሦስቱም አደጋ እንዳለባቸው ነው። ዋናው ጥያቄ ግን የትኞቹ አብረው ይወድቃሉ የሚለው ነው። በ2008 የአሜሪካ ባንኮች ቀውስ የዓለምን ሥራ ባቀዘቀዘ ጊዜ፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአክሲዮን መለኪያ በዓመቱ 38 በመቶ ገደማ ወረደ። በሐምሌ 147 ዶላር ደርሶ የነበረው የድፍድፍ ዘይት በርሜልም በታኅሣሥ ከ40 ዶላር በታች ሆነ። አክሲዮንና ሸቀጥ አብረው ሲወድቁ የቆመው የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ነው።

ያንን ያዩ ብዙዎች ቦንድና አክሲዮን ሁልጊዜ እንደሚደጋገፉ ቆጠሩ። በ2022 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከወረርሽኙ በኋላ የዋጋ ንረት ተነሣ፤ የዩክሬን ጦርነት ነዳጅንና ስንዴን አስወደደ፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክም ወለድን በፍጥነት ከፍ አደረገ። በዚያ ዓመት ያው የአክሲዮን መለኪያ 19 በመቶ ገደማ ሲወርድ፤ የአሜሪካ ቦንዶች አጠቃላይ መለኪያ ደግሞ 13 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚህ ጊዜ የቆመው ሸቀጥ ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ ዓመታት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቦንድ ይረዳል፤ ዋጋ ሲንር ሸቀጥ ይረዳል፤ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፤ ከሁለት ባላ ሦስት መትከል ይሻላል።

ለነጋዴው የሚቀርበው ምክር

ደመወዝተኛ ሰው ሦስቱን በባዶ ሰሌዳ ላይ ሊደለድል ይችላል። ነጋዴው ግን ባዶ ሰሌዳ የለውም፤ የራሱ ንግድ የመጀመሪያው ባላ ነው። ቡና ላኪው ትርፉን ለቡና ነጋዴዎች በሚያበድር ባንክ አክሲዮን ላይ ቢያውልና የቀረውን በመጋዘን ቡና ቢያስቀምጥ፤ በወረቀት ሦስት ዓይነት ሀብት ያለው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሦስቱም በአንድ የቡና አፈር ላይ የቆሙ ናቸው። ለእርሱ የሚበጀው የግምጃ ቤት ሰነድ ወይም ከቡና ጋር የማይገናኝ ድርጅት አክሲዮን ነው።

የዕቃ አስመጪው አደጋ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳ ኖሮበት ጥሪቱን በብር ሰነድ ብቻ ያስቀመጠ ነጋዴ፤ ወለዱ በጊዜው ቢከፈለውም ዕዳው በእጥፍ ሊቃረብ እንደሚችል ያየው ያን ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ከዕዳው ጋር አብሮ ዋጋው የሚጨምር ሀብት ያስፈልገዋል፤ አስቀድሞ የተገዛና ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ወይም የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ድርጅት አክሲዮን ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተን የሚኖር ወገን የአሜሪካን ቦንድና አክሲዮን በቀላሉ ይገዛል፤ በአገር ውስጥ ላለው ግን ገንዘብን ወደ ውጭ ማውጣት በምንዛሪ ደንብ የተወሰነ ስለሆነ፤ ምርጫውን ባለው በር ውስጥ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የጊዜ ነገር ይመጣል። በዓመት ውስጥ ለግብር፤ ለኪራይ ወይም ለዕቃ መግዣ የሚፈለግ ገንዘብ ከባንክ ተቀማጭ ወይም ለ28፤ ለ91፤ ለ182 ወይም ለ364 ቀን ከሚወጣ የግምጃ ቤት ሰነድ ሊርቅ አይገባውም። ለዓመታት የማይነካው ገንዘብ ወደ አክሲዮን ቢሄድ ይገባል። በብድር ገንዘብ ግን አክሲዮንም ሆነ ሸቀጥ ለዋጋ ጭማሪ ተስፋ መግዛት አይገባም፤ ገበያው የሚያገግምበትን ቀን አበዳሪው ቆሞ አይጠብቅም።

በመጨረሻም ድልድሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር። 900,000 ብር በሦስት እኩል የከፈለ ሰው በዓመቱ አክሲዮኑ 420,000፤ ቦንዱ 310,000፤ ሸቀጡም 230,000 ብር ቢሆን፤ ጠቅላላው 960,000 ብር ነው። ከአክሲዮኑ 100,000 ብር ሸጦ 10,000ውን በቦንድ፤ 90,000ውን በሸቀጥ ላይ ቢያውል እያንዳንዱ 320,000 ብር ይሆናል። በዚህ መንገድ ሰውዬው ትንቢት ሳይናገር ከተወደደው ይሸጣል፤ ከረከሰው ይገዛል። እኩል መክፈል ለሁሉ የሚስማማ ሕግ አይደለም፤ ልኩን የሚወስነው የነጋዴው ሥራ፤ ዕዳውና ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ነው። የዘመኑ ሂሳብ በሚዘጋበት ወቅት ነጋዴው ከጸሐፊው ጋር ተቀምጦ የንግዱን፤ የሰነዱንና የአክሲዮኑን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ቢያሰፍርና «የዶላር፤ የቡና ወይም የወለድ ዋጋ ቢናወጥ ከእነዚህ ስንቱ አብሮ ይናወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው መልስ አዲስ ገንዘብ ወዴት ሊሄድ እንደሚገባው ያመለክተዋል።