ቤት በዕጣ ይገኛል፤ ሠፈር ግን?

ወደ ኮዬ ፈጬ የሄደ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በሜዳው ላይ በረድፍ የቆሙትን ፎቆች ነው። መሬቱ የአቃቂ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍና ሽምብራ ሲበቅልበት የኖረ፣ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው የኮዬ ፈጬ ቤቶችም ከነዚሁ ውስጥ ነበሩ። ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ደስ አላቸው፤ ከእርሻቸው የተነሡት ገበሬዎች ጥያቄ ግን በዚያው ሰሞን አደባባይ ወጣ። እንግዲህ ሠፈሩ የተወለደው ከደስታም ከቅሬታም ነው። ይህን ዘንግቶ ስለ ሠፈሩ ልማት መናገር መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ መምታት ይሆናል።

ዕጣ ቤት ይሰጣል እንጂ ጎረቤት አያደርግም። በአንድ ደረጃ ከሚወጡት ሰዎች አንዱ ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከመርካቶ መጥቶ ይሆናል፤ እድሩንም እዚያው ትቶታል። ስለዚህ በፎቆቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የሁሉም ሲባል የማንም ሳይሆን ይቀራል። ችግኝ ቢተከልበት የሚያጠጣው፣ የጎርፍ መውረጃው ቢደፈን የሚጠርገው አይገኝም።

ሕጉ ይህን አስቦበታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ባለቤቶቹ በማኅበር ሆነው የጋራውን ይዞታ እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። በኮንዶሚኒየሞች ፕላንም ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት ታስቧል። ነገር ግን ማኅበር በማኅተም ብቻ አይቆምም። እድር የሚከበረው በለቅሶ ቀን ድንኳን ስለሚተክል ነው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበርም የሚታመነው ሥራው በደጃፍ ሲታይ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ወይም መሐንዲስ ፕላኑን ከመዘርጋቱ በፊት ቡና ከሚፈላበት ቁጭ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ልጆች የት ይጫወታሉ? እናቶች በየት አቋርጠው ታክሲ ይይዛሉ? የክረምቱ ውሃ የት ይተኛል? ከሁሉም በላይ ያን መሬት ያረሱትን ገበሬዎች ይጠይቅ። የአፈሩን ጠባይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ተክሉን የመምረጥና የመንከባከቡ ሥራ በደመወዝ ቢሰጣቸው መሬቱም ይጠቀማል፤ ቅሬታውም በመጠኑ ይለዝባል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት ሰው በየይዞታው ስለተከለው ነው። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የኮዬ ፈጬ ሥራም ለመሥሪያ ቤት ብቻ ቢተው ሸክም ነው፤ ለነዋሪው ቢካፈል ግን ሠፈር ይሆናል።