ጥሩር

ድምፅ፦ ትንሽ መዶሻ በመስፍ ላይ፣ ቀስ እያለ።

ተራኪ፦ ስቶክሆልም፣ ኦስተርማልም ሰፈር። ካርላፕላን ባቡር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት ለተራመደ ሰው የስዊድን የታሪክ ሙዚየም ቅርብ ነው። እዚያ፣ ከመስታወት ኋላ፣ ቆብ ያጠለቀ የሰው የራስ ቅል አለ። ቆቡ ከትናንሽ የብረት ቀለበቶች የተሠራ ነው። ዝገቱ ቀለበቶቹን እርስ በርስ አጣብቆ ከአጥንቱ ጋር አንድ አድርጓቸዋል።

ልብሱን በስሙ እናውቀዋለን። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ጽድቅን የመሰለበት ጥሩር ነው። ስዊድኖች ሪንግብሪንያ ይሉታል፤ የቀለበት ጥሩር እንደማለት።

የራስ ቅሉ የመጣው ከጎትላንድ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1361 የዴንማርክ ንጉሥ ቫልደማር አተርዳግ ከቪስቢ ከተማ ቅጥር ፊት ለፊት የደሴቲቱን ገበሬዎች ገጠማቸው። የከተማዋ በሮች እንደተዘጉ ቀሩ። ገበሬዎቹ አለቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ቪስቢ ለንጉሡ እጇን ሰጠች።

ድል ያደረገ ሠራዊት የሬሳ ጥሩር አውልቆ መውሰድ ልማዱ ነበር፤ ብረቱ ውድ ነውና። እዚህ ግን ብዙዎቹ ከነጥሩራቸው ጉድጓድ ገቡ። የሐምሌ ሙቀት ሬሳውን ስላበላሸው መግፈፍ አልተቻለም ተብሎ ይታመናል። ከ1905 እስከ 1930 በተለያየ ጊዜ በተካሄደው ቁፋሮ የ1185 ሰዎች አፅም ተቆጠረ። ግኝቱን በ1939 እና በ1940 በታተመ ሰፊ ሥራ ያሳወቀው ስዊድናዊው ቤንግት ቶርዴማን ነው።

ድምፅ፦ ወናፍ፤ ፍም ሲንቦገቦግ።

ተራኪ፦ አሁን ወደ ቀለበቱ እንጠጋ። አንጥረኛው የጋለውን ብረት ቀጥቅጦ ያቀጥነዋል፤ ቀዳዳ ባለው የብረት ሰሌዳ ውስጥ እየጎተተ ሽቦ ያደርገዋል። ሽቦውን በዘንግ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ጥምጥሙን ይቆርጠዋል፤ ቀለበቶች ይወጣሉ። የእያንዳንዱን ጫፍ አነባብሮ ይጠፈጥፋል፣ ይበሳል። ከዚያ ቀለበቱ ክፍት እያለ በሌሎች አራት ቀለበቶች ውስጥ ያሳልፈዋል፣ በጉጠት ይገጥመዋል፣ በቀዳዳው ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ችንካር ያስገባና ጫፏን ይመታል። አንድ ቀለበት አለቀ። ለአንድ ሙሉ ጥሩር ይህ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ሊደገም ይችላል። ችንካሯን የዘለለ አንጥረኛ የሠራው ጥሩር ጦር ሲወጋው ይከፈታል። የባለእጁ ሐቀኝነት እዚያች ነጥብ ላይ ነው፤ ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።

በአውሮፓ ጥሩር ቀስ በቀስ ከብረት ዝርግ ለተሠራ የጦር ልብስ ቦታውን ለቀቀ። በካውካሰስ ተራሮች ግን አድጌዎች፣ ሌሎች ሰርካሲያን የሚሏቸው፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አልጣሉትም። ፈረሰኞች ስለነበሩ የሚፈልጉት ከልብስ በታች የሚገባ፣ ወገብን የማያስር፣ ቀላል ጥሩር ነው። ከራስ ቁራቸውም እንደ ነጠላ ጫፍ እስከ ትከሻ የሚወርድ የቀለበት መጋረጃ ይንጠለጠል ነበር። ጥሩሩ የመኳንንት ሀብት ነበር፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። በ1864 ሩሲያ አገራቸውን ስትይዝ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ኦቶማን ግዛት ተሰደደ። አንጥረኞቹም አብረው ተበተኑ።

እኛም ዘንድ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጥሩር የለበሱ የንጉሡ ፈረሰኞችን ጠቅሷል። ያንን ያህል ብረት በትከሻው ተሸክሞ በጎንደር ፀሐይ የጋለበ ሰው ምን ያህል እንዳላበው ሳስብ ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ሰውየው ይታየኛል።

ድምፅ፦ መዶሻው ይቆማል።

ተራኪ፦ የጎትላንዶቹም ሰዎች ነበሩ። አጥንቶቹን የመረመሩ ባለሙያዎች በሟቾቹ መካከል ገና ያልጎለመሱ ወጣቶችና አዛውንቶች አግኝተዋል። የሰይፍ ቁስሉ የበዛው ደግሞ ቅልጥም ላይ ነው። ጥሩሩ ራስና ደረትን ጠብቋል፤ ከጉልበት በታች ብዙዎቹ ምንም አልለበሱም። የቫልደማር ወታደሮች ያንን አይተው እግራቸውን መቱ፤ የወደቀውን ጨረሱት።

መስታወቱ ፊት ጎንበስ ብዬ አንዲት ቀለበት መረጥሁ። ዝገት በልቷታል። ችንካሯ ግን አለች፣ ጫፏ ጠፍጥፎ፣ እንደተመታች።