ባለ ቀለበቷ ፕላኔት ከጓሯችን

የክረምቱ ደመና ተገፎ የመስቀል ሰሞን ሰማይ ሲጠራ፣ ማታ በስተምሥራቅ እንደ ከዋክብት ብዙም የማትርገበገብ፣ ወደ ቢጫ የምታደላ ብርሃን ታያላችሁ። በእነዚህ ዓመታት በመስከረምና በጥቅምት ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢም ሆነ ከሳሪስና ከላፍቶ ጓሮ የምትታየው ይህች ብርሃን ሳተርን ናት። የመንገዱ መብራት ብዙ ከዋክብትን ቢሸፍንብንም እርሷን አያጠፋብንም።

በእንጦጦ ተራራ ላይ ስፋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ቤተሰብ ሁሉ እንጦጦ አይወጣም። ቀለበቷን ለመለየት 25 ጊዜ ያህል የሚያጎላ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ስትገዙ በካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» የሚለው አያታላችሁ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ከ140 ጊዜ በላይ ሲያጎላ ምስሉ ይደበዝዛል። ከዚያ ይልቅ የማይነቃነቅ ማቆሚያ ፈልጉ።

ልጆቻችሁ «ጆሮ አላት!» ቢሉ አትሳቁባቸው። ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1610 ሦስት አካላት ተጠጋግተው የቆሙ መስሎት ነበር። ቀለበት መሆኑን ሆይኸንስ በጽሑፍ ያስታወቀው በ1659 ነው። ቀለበቱም አንድ ወጥ አካል ሳይሆን በአብዛኛው የበረዶ ስብርባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በጎኑ ዞሮ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየተከፈተ እስከ 2032 ገደማ ይሰፋል። ሳተርን ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። ከመካከላችን ሠላሳ የሞላን፣ ከተወለድን ወዲህ የዞረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ወንዶቹ ልጆች መነጽሩን ከበው ሲሻሙ ሴቷ ልጅ ዕቃ ታጥባለች፤ ስትጨርስም «መሽቷል፣ ግቢ» ትባላለች። ለደኅንነቷ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ጓሮ ግን መንገድ አይደለም። እስከ 2017 ሳተርንን የዞረችው የካሲኒ መንኮራኩር የፎቶግራፍ ቡድን መሪ ካሮሊን ፖርኮ የተባለች ሴት ነበረች። ሰሃኑ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ምን ይሆናል? ወይስ ወንድምዬው አያጥበውም?

ቴሌስኮፑን ቀን ቀን ቆልፉበት፤ በእርሱ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ማታም ምድር ስለምትዞር ሳተርን ቶሎ ቶሎ ከመነጽሩ ትወጣለችና፣ ተራ በተለወጠ ቁጥር አንድ ትልቅ ሰው ያስተካክል። ለትንሿም በርጩማ አይረሳ።