የአናጢው ልጅ

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ፥ ከተማዪቱ በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ከባቡሩም ጋር ብረት ሠሪው፥ ግንበኛውና አናጢው መጡ። አባቴ የዚሁ የእጅ ሙያ ወራሽ ነበሩ።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከጥላ ሥር ሲያስተኛ፥ እርሳቸው መላጊያቸውን ይዘው ዋንዛውን ያለሰልሳሉ። ማታ ሰጋቱራውን ከልብሳቸው አራግፈው ከፋኖሱ አጠገብ ይቀመጡና ደብተሬን ይመለከታሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን የተጣመመ መስመር ከዐይናቸው አያመልጥም። «ልጄ፥ ይህ ዘሟል፤ እንደገና ጻፈው» ይሉኛል።

እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ፥ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «የምድር ባቡር ጸሓፊ ነው» እያልሁ እዋሽ ነበር። አናጢ ማለት አሳፈረኝ። ይህን ሰምተው ኖሮ፥ አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ወርዶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሲገድል፥ አባቴ አርጅተው ነበር። ሆኖም መዶሻቸውን አንሥተው ጎርፍ የሰበረውን የጎረቤት በር ያለ ዋጋ ይጠግኑ ጀመር። እኔም ሳንቃ አቀብላቸው ነበር። አንድ እንግዳ «የማን ልጅ ነህ?» ቢለኝ፥ «የአናጢው» አልሁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ምስማራቸው ተመለሱ።

ዛሬ አባቴ የሉም። በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጥህ ወዳጄ ሆይ፥ ያስተማረህ እጅ ሻካራ ቢሆን አትፈርበት፤ ባለቤቱም በሕይወት ሳለ ይህን ከአፍህ ይስማ።