የጠላቂው ዕቃና የደጋው ሐኪም ቤት ሲሊንደር

ባሕር በሌለበት በዳባት ስለ ባሕር ጠላቂ ዕቃ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው የታመቀ አየር ሲሊንደርና በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆመው የኦክሲጅን ሲሊንደር ዘመዳሞች ናቸው። የሚያበላሻቸውም የሚጠብቃቸውም ነገር ተቀራራቢ ስለ ሆነ፥ የደጋው ሐኪም ቤት ከጠላቂው ልማድ ሊወስደው የሚገባ አለ፤ ሊወስደው የማይገባም አለ።

በጠላቂው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር እስከ 200 ባር ድረስ የታመቀ ነው። ይህን ግፊት የሰው ሳንባ ስለማይችለው ሬጉሌተር የተባለው መሣሪያ በሁለት ደረጃ ይቀንሰዋል፤ በመጀመሪያው ከአካባቢው ግፊት 10 ባር ያህል ከፍ ወዳለ ልክ ያወርደዋል፤ በሁለተኛው ጠላቂው አየር በሳበ ጊዜ ብቻ ለአፉ ይሰጠዋል። ይህን ዕቃ ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ሠሩት። የሚያስደንቀው የጋኛን መነሻ ባሕር አለመሆኑ ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በጋዝ ለሚሄዱ አውቶሞቢሎች የተሠራ ቫልቭ ነበር።

የሐኪም ቤቱ ሬጉሌተር ግፊቱን ወደ 4 ባር ገደማ ካወረደ በኋላ በሊትር መለኪያው በኩል ያሳልፈዋል። ሕመምተኛው ቢስብም ባይስብም ኦክሲጅኑ ሳያቋርጥ ይፈሳል። የጠላቂው ዕቃ ቢያፈስ አረፋው ይታያል፤ በክፍል ጥግ የቆመ ሲሊንደር ግን ማንም ሳያውቅ ያልቃል። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር እስከ 150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ይኸውም በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሕፃን 50 ሰዓት ይበቃል። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ያረጀ ጎሚኒ በቀን 720 ሊትር ይጨርሳል፤ በዘጠነኛው ቀን ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ አንድም ሰው አልተነፈሰበትም።

ይህ ጉዳት በደጋ ይብሳል። ዳባት ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኦክሲጅን ከመቶ 21 እጅ መሆኑ አልተለወጠም፤ ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ግን አንሷል። ስለዚህ ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ትርፍ ሳይኖረው ይታመማል።

ጠላቂውን የሚያስቸግረው ጨው ነው፤ ከባሕር እንደ ወጣ የሬጉሌተሩን አፍ በክዳኑ ዘግቶ በንጹሕ ውሃ ያጥበዋል። የእኛ ጠላት አቧራ ነው። ሬጉሌተሩ ከመገጠሙ በፊት የሲሊንደሩ ቫልቭ ወደ ሰው ሳይዞር ለቅጽበት ተከፍቶ አቧራው ይነፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። በድንገት ቢከፈት ኦክሲጅኑ በጠባቡ ስፍራ ተጨምቆ እጅግ ይሞቃል፤ ቅባት ካገኘም ይለኮሳል። ጠላቂ በጎሚኒው ላይ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት መቀባቱ የታወቀ ነው፤ ይህን ወደ ኦክሲጅን ማምጣት ግን አደገኛ ስሕተት ነው። ግራሶ፥ የሞተር ዘይት፥ በእጅ ላይ የቀረ ቅቤም ቢሆን ክብሪት ሳይጫርበት ሊነድ ይችላል። «ትንሽ ግራሶ ይበቃዋል» የሚል መካኒክ፥ በመኪና ሙያው የተመሰገነ ቢሆንም፥ ከዚህ ዕቃ መራቅ አለበት። ቫልቩ የሚያፈስ መሆኑ ቅባት በሌለው የሳሙና ውሃ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም ለኦክሲጅን የተሠራ አዲስ ጎሚኒ እንጂ በእንግሊዝ ቁልፍ ማነቅ አይደለም።

የደጋው ሌሊት ያሳስታል። ክፍሉ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 150 ባር የነበረው መለኪያ 145 ገደማ ያሳያል። ይህ ማፍሰስ አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ካልተመለሰ ግን ሳሙናውን ማምጣት ነው።

ሲሊንደር ፈጽሞ ሊሟጠጥ አይገባውም። ጥቂት ግፊት ካልቀረበት እርጥበት ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገት ኦክሲጅን ስለሚበላ፥ በዛገ ሲሊንደር ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ አየር ጠላቂውን መለኪያው ሙሉ እያሳየ ራሱን ሊያስተው ይችላል። በውሃ ግፊት የተፈተነበት ቀን በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ ተቀርጿል፤ ሲሊንደሩን የሚረከበው ሠራተኛ ከመኪናው ሳይወርድ ያንን ቁጥር ያንብበው።